የኤችአይቪ መድኃኒት ለምን ይቋረጣል? ሳያቋርጡ ለመቆየት፣ ካቋረጡም ለመመለስ

መድኃኒት ስጀምር ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ ነበር የምኖረው። የወር መድኃኒቴ 30 ኪኒን ነው። በነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይሰጠኛል። ብልቃጡ በተነሳ ቁጥር ይንኳኳል። ማታ መብራት እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። ከዚያ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ሰድጄ ክዳኑን በቀስታ አዞራለሁ። ኪኒኖቹ ኮሽ ሲሉ አንዷ ትገላበጣለች። ትንፋሼን ውጬ እቆያለሁ። አንዳንድ ቀን ጠብቄ ጠብቄ እወስዳለሁ። አንዳንድ ቀን «በቃ ነገ» ብዬ ቦርሳውን እዘጋለሁ።

በቀጠሮዬ ቀን ነርሷ ኪኒኑን ቆጥራ «ለምን ተረፈ?» ትለኛለች። «ረሳሁ» እላለሁ። አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።

ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ 15 ዓመት አልፎኛል። በመሀል ስምንት ወር መድኃኒት አቋርጬ ነበር። አሁን ሥራዬ አቋርጠው ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ማውራት ነው። መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ግድ የለሽ ነው ብዬ አላምንም። በሰውየውና በኪኒኑ መሀል የሆነ ነገር ገብቷል። ያ ነገር ምን እንደሆነ ከታወቀ አብዛኛውን ጊዜ መላ አይታጣለትም። ይህን የምጽፈው መድኃኒቱን ለምትወስዱትም፣ የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ላለም ነው።

«ረሳሁ» ከማለታችሁ በፊት

ወረቀት አውጡ። መድኃኒት ያመለጣችሁን የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት አስታውሱ። በእያንዳንዱ ቀን የት ነበራችሁ? ስንት ሰዓት ነበር? ማን አብሯችሁ ነበር? ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ምን ተፈጠረ? ይህን ጻፉ። «ለምን አልወሰድኩም?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ። «ለምን» ሲባል ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል። የሚመጣው መልስም ያው «ረሳሁ» ነው።

ከአንድ ሰው ጋር ይህን ስንጽፍ ሦስቱም ቀን ቅዳሜ ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያድረው ዘመድ ቤት ነው። ብልቃጡን ይዞ መሄድ ይፈራል። ወረቀቱን እስኪያይ ድረስ «እኔ ሰነፍ ነኝ» ነበር የሚለኝ። አሁን ከቁልፉ ጋር የምትንጠለጠል ትንሽ የብረት ዕቃ አለችው። የቅዳሜዋን ኪኒን እሷ ውስጥ ያደርጋል። ችግሩ ይህችው ነበረች።

አንዲት እናት ደግሞ አለች። እርጉዝ ሳለች አንድ ቀን አላመለጣትም። ለልጇ ስትል ትወስድ ነበር። ከወለደች በኋላ ሌሊቱና ቀኑ ተደበላለቀባት። ሕፃኑ ሲነጫነጭ ባደረ ቁጥር የማታው ኪኒን ይቀራል። ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። ከወሊድ በኋላ ያሉት ወራት ብዙ ሴቶች የሚዘናጉባቸው ናቸው። ልጁን ደግሞ ጡት እያጠባች ነው፤ መድኃኒቱ ለሁለቱም ነው። ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ ሰዓቱን ወደ ጠዋት አዛወረችው። ልጁ ጠዋት መጀመሪያ ጡት ሲይዝ እሷም ኪኒኗን ትውጣለች።

የስልክ አላርም ለእውነተኛ መርሳት ጥሩ ነው። ኪኒኑን በየቀኑ ከማትተዉት ነገር ጋር ማያያዝም እንደዚያው፣ ለምሳሌ ጥርስ ከመፋቅ ጋር። ለፍርሃት ግን አላርም ምንም አይሠራም። የእኔ ስልክ በየማታው ይጮህ ነበር። የሚጨምርልኝ ድንጋጤ ብቻ ነው።

«ደህና ነኝ እኮ»

ይህን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያደርጋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያወጣውም። ቫይረሱ በአንዳንድ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። መድኃኒቱ ሲቆም ይነሳል። በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደም ምርመራ እንደገና ይታያል። ሰውየው ግን ለወራት ምንም ላይሰማው ይችላል። እኔ ባቋረጥኩባቸው የመጀመሪያ ወራት እንዲያውም ጤነኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማታ ማታ መደበቅ ቀረልኝ። እንቅልፌ ተስተካከለ።

«ሰውነቴ ትንሽ ይረፍ» የሚለው ሐሳብ የብዙ ሰው ነው። ሐኪሞችም በአንድ ወቅት በጥናት ፈትነውታል። ስማርት በተባለው ጥናት ከ5,400 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሹ ሳያቋርጥ ወሰደ። ግማሹ ደግሞ ሲዲ ፎሩ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ ከፍ ሲል እያቆመ፣ ሲወርድ እየጀመረ ቆየ። እያረፉ በወሰዱት ላይ ሕመሙም ሞቱም በዛ። በዚህ የተነሳ ማሳረፉ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዲቆም ተደረገ።

ሌላው መዘዝ ቫይረሱ መድኃኒቱን መላመዱ ነው። በአንዷ ኪኒን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መድኃኒቶች አሉ። እኔ ስጀምር ከሦስቱ አንዱ ኢፋቪሬንዝ ነበር። ኢፋቪሬንዝ ሰውነት ውስጥ ብዙ ይቆያል። ሌሎቹ ቶሎ ይወጣሉ። ሰው አንድ ሳምንት ወስዶ አንድ ሳምንት ሲተው፣ ሦስት ሆነው የሚጠብቁት በር ላይ አንዱ ብቻውን ይቀራል። ቫይረሱም እሱን ማለፍ ይለማመዳል። እኔ የሆንኩት ይህንኑ ነው። ተመልሼ ሦስት ወር በትክክል ወስጄም ቫይራል ሎዴ፣ ማለትም በደሜ ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ አልወረደም። የመጀመሪያው አልሠራ ሲል ወደሚሰጠው፣ ሁለተኛ ደረጃ ወደሚባለው መድኃኒት ተዛወርኩ። ኪኒኑ በዛ፣ ሆዴም ተረበሸ። ከዚያ ወዲህ ግን ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አይታይም።

«አይታይም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ያዙት። በሽታው ለቀቀኝ ማለት አይደለም። መጠኑ በጣም ከማነሱ የተነሳ መሣሪያው አያገኘውም ማለት ነው። «አይታይም» ተብለው «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከእምነታቸው ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ከማንም ጋር በእምነት አልከራከርም። ጸሎታችሁን ያዙ፣ ኪኒኑንም ያዙ። ቫይረሱ ያልታየው መድኃኒቱ ስላለ ነው።

በመድኃኒት ቫይረሱ የማይታይ የሆነ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለጓደኛው አያስተላልፍም። ፓርትነር የተባሉት ጥናቶች አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ያለ ኮንዶም ተከታትለዋል። መጠኑ የወረደለት ሰው ለጓደኛው ያስተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ለዓመታት ራሴን እንደ መርዝ ነበር የማየው። መድኃኒት ሊያቋርጥ ያሰበን ሰው ከማስፈራራት ይልቅ ይህን መንገር የበለጠ ሲይዘው አይቻለሁ።

ሰው እንዳያይብኝ

ከሁሉም ምክንያት የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ሰዎች ሕመሙን ይችሉታል። ዓይን ነው የማይችሉት።

የብልቃጡን ነገር የፈታችልኝ ከእኔ በፊት የጀመረች አንዲት ሴት ናት። መጠበቂያ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ብልቃጧን አንስታ ጆሮዬ ሥር ነቀነቀችው። ድምፅ የለም። ክዳኑን ከፍታ አሳየችኝ። ከላይ ንጹሕ ደረቅ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። «በቃ ይሄው ነው፣ እህቴ» አለችኝ። አንድ እፍኝ የማይሞላ ጥጥ። ስንት ሌሊት ያሳጣኝ ነገር በዚያ ተዘጋ።

ጥጡን ስትጨምሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ አትጣሏት። ኪኒኑን እርጥበት እንዳያበላሸው የምትጠብቀው እሷ ናት። መድኃኒቱን በሙሉ ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡ። የጥቂት ቀን ብቻ ወደ ትንሽ ደረቅ መያዣ አውጡ፣ ሌላው በራሱ ብልቃጥ ይቀመጥ። ሙቀትና ውሃ ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ መታጠቢያ ቤት፣ አይሆንም። ጽሑፉ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ብልቃጡ ላይ ያለውን ወረቀት ሸፍኑት። የመድኃኒቱን ስምና መጠን ግን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ድንገት ብትታመሙ ሐኪሙ ይፈልገዋል።

ሰዓቱንም አስቡበት። ሁሉም ሰው ማታ መውሰድ የለበትም። ቤት ሰው የሚበዛው ማታ ከሆነ፣ ለብቻችሁ የምትሆኑበትን ሰዓት ፈልጉና ባለሙያውን ጠይቁ። አንድ ወጣት ኪኒኑን የሚወስደው ሥራ ቦታ ነው። መሳቢያው ቁልፍ አለው። ቤቱ ግን ቁልፍ ያለው ነገር የለውም።

ለአንድ ሰው መንገር ብዙ ያቀላል። አንድ ሰው ይበቃል። ግን ግዴታ የለባችሁም። ብትነግሩት ይመታኛል፣ ያባርረኛል ብላችሁ የምትፈሩት ሰው ካለ መጀመሪያ ለጤና ባለሙያው ንገሩት። የሚነገርበትን መንገድና ጊዜ አብራችሁ ታስባላችሁ። ለመንገር ስትወስኑ ምስጢር ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ምረጡ። በጣም የምትወዱት ሰው ሁልጊዜ ምስጢር የሚጠብቅ ላይሆን ይችላል።

ቀጠሮ ራሱ ሰው የሚያይበት ቦታ ነው። ወረፋ ላይ ጎረቤት አይታ የቀረች ሴት አለች። ሁኔታችሁ የተረጋጋ ከሆነ የ3 ወይም የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አሠራር ይመክራል። ለትራንስፖርት፣ ለሥራ ፈቃድ፣ ለዓይንም ይረዳል። ካልጠየቃችሁ ግን ላይነገራችሁ ይችላል።

ኪኒኑ ራሱ ሲያስቸግር

የእኔ ኢፋቪሬንዝ ሕልም ያመጣ ነበር። ሕልም ስል እንደ እውነት ቁልጭ ያለ። እየጮህኩ እነቃለሁ። ጠዋት ጭንቅላቴ ይዞራል። ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ነበር የምሠራው። ማሽን ላይ ተቀምጬ መርፌው ሁለት ሆኖ ይታየኛል። አንድ ቀን ጣቴን ወጋሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የሥራ ቀን ሲሆን መዝለል ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። መድኃኒቱ የሚለወጥ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። የተሰጠኝን ወስጄ የምችል፣ አለዚያ የምተው ነበር የመሰለኝ።

ይለወጣል። ስለዚህ ተናገሩ። ዛሬ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን ነው። ከቀድሞው በጣም ይቀላል። ግን እሱም እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል፤ ማታ ትወስዱት ከነበረ ወደ ጠዋት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይረዳል። አንዳንድ ሰው ላይ ኪሎ ይጨምራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀንሳል። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ከወጣ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጭበትም አለ። ዶሉቴግራቪር የምትወስዱ ከሆነ የአይረንና የካልሲየም ኪኒን፣ እንዲሁም ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ሥራውን ይቀንሱበታል። ዶሉቴግራቪሩን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታችሁ ውሰዱ። እርጉዞች አይረን ስለሚታዘዝላችሁ ይህን በተለይ ጠይቁ። ለቲቢ ሪፋምፒሲን የተጀመረለት ሰው ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ይደረጋል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም መጠኑ መታየት አለበት። የባህል መድኃኒትና ቅጠልም ቢሆን አትደብቁ። ከሁሉ የሚቀለው የምትወስዱትን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ይዛችሁ ሄዳችሁ ጠረጴዛው ላይ መደርደር ነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልበል። አንዲት ትልቅ ሴት «ልጄ፣ ባዶ ሆዴን እንዴት አድርጌ ልዋጠው?» አሉኝ። ቤታቸው ምግብ በሌለበት ቀን መድኃኒቱን ይተዉታል። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም። የእርሳቸው ኪኒን ዶሉቴግራቪር ያለበት ነበር። ይህኛው ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። «እማማ፣ ይሄኛው ምግብ አይጠይቅም» ስላቸው እጄን ይዘው ቆዩ። አታዛናቪርንና ዳሩናቪርን የመሳሰሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ግን ከምግብ ጋር መወሰድ አለባቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ቤት ምግብ ከሌለም ይህንን ተናገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መጠጥም እንደዚሁ ነው። «ዛሬ ስለጠጣሁ አልወስድም» የሚሉ ብዙ ናቸው። መጠጥ ለጉበት አይበጅም፣ ሰዓትም ያስረሳል። ነገር ግን ጠጥታችሁ ከሆነም ኪኒኑን አትዝለሉ።

ሲሰለች

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ፣ ሰው አውቆ፣ ሕልሙም ቀርቶ፣ ዝም ብሎ የሚሰለችበት ጊዜ ይመጣል። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ኪኒኗ እጄ ላይ ስትሆን በሽታዬን ታስታውሰኛለች። ቀኑን ሙሉ ረስቼው ውዬ ማታ ላይ «አለሁ» ትለኛለች። ይህን ስሜት ለሐኪም መንገር ከባድ ነው፣ ሕመም አይመስልምና።

መሰልቸት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ አልፎ ምንም የማያስደስታችሁ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ መኖር ካስጠላ ግን ድብርት ሊሆን ይችላል። ድብርት መድኃኒት ከሚያስተዉ ነገሮች አንዱ ነው። ራሱን የቻለ ሕክምናም አለው። ለብቻችሁ አትያዙት።

ለመሰልቸቱ እኔን የረዳኝ ከሌሎች ጋር መቀመጥ ነው። እንደኔው የሚወስዱ አራት ሴቶች ነን። በወር አንዴ እንገናኛለን። ስለ ኪኒን የምናወራው አምስት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ስለ ልጆቻችን ነው። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ በኪኒን ፋንታ በየሁለት ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ቫይረሱ ለወረደላቸው ሰዎች እንደ አማራጭ እንዲሰጥ መክሯል። መርፌውም ቀጠሮ ማክበር ይፈልጋል። ለሚደብቅ ሰው ግን ቤት ውስጥ የሚንኳኳ ብልቃጥ የለውም።

ልጆች ላሏችሁ ደግሞ፦ ቫይረሱ አብሮት የተወለደ ልጅ ከጉርምስናው ጋር ማመፅ ይጀምራል። «የቫይታሚን ኪኒን ነው» እየተባለ ያደገ ልጅ እውነቱን በሌላ ሰው አፍ ከሰማ መድኃኒቱንም እናንተንም ይጠላል። በልኩ፣ በዕድሜው፣ ቀስ እያላችሁ ራሳችሁ ንገሩት።

ያመለጣችሁ ቀን፣ ያቋረጣችሁ ወር

አንድ ቀን ካመለጠ እንዲህ አድርጉ። ዶሉቴግራቪር ያለበትን በቀን አንዴ የሚወሰድ ኪኒን እንዳስታወሳችሁ ውሰዱት። ቀጣዩ ሊደርስ 4 ሰዓት ያልሞላ ከቀረው ግን ያለፈውን ተዉትና ቀጣዩን በሰዓቱ ውሰዱ። ሁለት በአንዴ አትዋጡ። ሌላ ዓይነት የምትወስዱ ከሆነ የእናንተን ሕግ ከባለሙያው ጠይቃችሁ ጻፉት።

ሳምንታት ወይም ወራት ካለፉ ደግሞ የተረፈውን አንስታችሁ በራሳችሁ ከመጀመር ሂዱና ታዩ። ምናልባት ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ገብቶ ይሆናል፣ መታየት አለበት። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱ ለጉበቱም ስለሚሠራ፣ ሲያቆም ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል። ቫይራል ሎድ ከ1000 በላይ ቢሆን አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ በምክር እየታገዛችሁ ሦስት ወር ያህል በትክክል ወስዳችሁ እንደገና ትመረመራላችሁ። በዚያ ጊዜ የሚወርድላቸው ብዙ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው በሩን ማለፍ ነው። እኔ በስድስተኛው ወር ተመልሼ ሄጄ ነበር። የተቀበለችኝ ሴት ካርዴን አይታ ሰው ፊት «ሞት ከፈለግሽ ምን አመጣሽ?» አለችኝ። ዞሬ ወጣሁ። ሁለት ወር የጨመርኩት በዚያ ምክንያት ነው። በስምንተኛው ወር ስሄድ ሌላ ነርስ ነበረች። ወንበር ሳበችልኝ። «እንኳን መጣሽ» አለችኝ። ከዚያ «የሚከብድሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ሕልሙ፣ ስለ ስፌት መርፌው ሁሉን ነገርኳት። በጤና ሙያ ላይ ያላችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ «እንኳን መጣህ» በሉ። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

የምትመለሱት ደግሞ ስትገቡ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። «መድኃኒት አቋርጬ ነበር፣ ልጀምር ነው የመጣሁት» ካላችሁ በቂ ነው። ያቋረጣችሁበትን ወር በግምት ያዙ። የተረፈውን ብልቃጥ ባዶም ይሁን ሙሉ ይዛችሁ ኑ። የሦስቱን ቀን ወረቀትም ጨምሩበት። አፍ አልከፍት ካለ ወረቀቱን አቀብሉ። ለብቻ መግባት ከከበዳችሁ ሰው ይዛችሁ ኑ።

እኔ ጠዋት ጠዋት መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ከውጭ ቆመው የሚያመነቱትን አውቃቸዋለሁ። ስልክ የሚያወሩ ይመስላሉ። አንዳንዱ በሩ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። በሳምንቱ ደግሞ መጥቶ ይመለሳል። በሦስተኛው ይገባል። ቦታ ለቅቄ «ቁጭ በል» እለዋለሁ።